አንድ ግራም ስንት ደረጃ ይወርዳል?

ቁጥር ሲያድግ ዕቃውም ያድጋል። ይኼን ለማወቅ ብዙ መማር አያሻም። አርባ ቁጥር ጫማ ከሠላሳ ስድስቱ ይበልጣል፤ የሹራብ መርፌ እንኳ አምስት ቁጥሩ ከሦስት ቁጥሩ ይወፍራል። የሰውም ዕድሜ ቢሆን ቁጥሩ ሲጨምር ወገቡ አብሮ ይጨምራል፤ በራሴ አይቼዋለሁ። እንግዲህ አንዲት ሴት ከዚህ ሁሉ ተነሥታ «ክርም እንደዚሁ ነው» ብላ ብታስብ ምኑ ላይ ነው ጥፋቷ? እናንተው ትፈርዳላችሁ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ። አንድም አልደብቅም፤ የምደብቀው ቢኖር ለንስሐ አባቴ የነገርኩትን ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው በሰላም ልጅ ነው። ሰላም አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፍሉግሃፈኑ ውስጥ ከእኔ ጋር የምታጸዳ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ለአገሩ አዲስ ናት። ባሏን ወረቀት ጣልያን አገር ይዞባታል። እናት የላትም፣ እኅት የላትም። እዚህ ያላት ዘመድ እኔና የማለዳው ሺሽት፣ የሥራ ተራችን፣ ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንቀሰቅሳት ነበር። ይህቺ ልጅ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለችና ክርስትና እናት ሁኚልኝ አለችኝ። ክርስትና እናትነት ደግሞ ተለምነው እንቢ የሚሉት ነገር አይደለም።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ሰማንያ ቀኗ ቢቆጠር ቢቆጠር ከጥምቀት በዓል አንድ ሳምንት አልፎ አረፈው። የፍራንክፈርትን ጥር ለምታውቁ አልነግራችሁም፤ ለማታውቁትም አይድረስባችሁ። የምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የጀርመኖቹ ነው፤ በደግነታቸው ያስገቡናል፤ ማሞቂያውን የሚከፍቱት ግን ለራሳቸው ሰዓት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ድንጋይ። ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ ራቁቷን ከውኃ ስትወጣ ምን ልትለብስ ነው? ሰላም የገዛችላት የሱፍ ብርድ ልብስ አንገቷን ቀይ ሽፍ አድርጎት ነበር። ሱፍ ገና ሲነካት ታለቅሳለች።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በእጅ ሥራ ሹራብ ተምሬአለሁ። ከትምህርቴ ሁሉ እስከ ዛሬ እጄ ላይ የቀረው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሴቶቹ መካከል አፌን ሞልቼ፣ የክርስትና ልጄን ከውኃ ስትወጣ የምጠቀልልበትን፣ ሞቆም የማይቆረቁረውን፣ በገዛ እጄ ሠርቼ አመጣለሁ አልኩ።

እትዬ ብዙነሽ አጠገቤ ነበሩ። እትዬ ብዙነሽ ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የማያውቁት ነገር ካለም እስካሁን ያልነገሩን ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ ማለዳ ሺሽት እየገባሽ? እንግዲያው ልጅቷ ለሠርጓ ትለብሰዋለቻ» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ማታውኑ ወደ ጎረቤቴ ወደ ፍራው ኬለር ወጣሁ። ፍራው ኬለር ኒድ ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሹራብ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው። እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ዳቦአቸውን እኔ አመጣለሁ። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣልኝን ደብዳቤ ደግሞ እኔ ፊደሉን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ትርጉሙን ይነግሩኛል፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ይወጣናል። በጀርመንኛው አንቱ ይሉኛል። እናቴን የሚያህሉ ሴት አንቱ ሲሉኝ ጆሮዬን ስለሚበላኝ ግን እዚህ ላይ ወደ አንቺ መልሼዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ችግሬን ስነግራቸው ከመሳቢያቸው በሾጣጣ ካርቶን የተጠመጠመ ግራጫ ክር አውጥተው ጉንጬ ላይ አደረጉልኝ። ካሽሚር ነው አሉ። ምንድነው ብላቸው የፍየል ጠጉር ነው አሉኝ። የፍየል! የእኛ ፍየል ጠጉሩ ለማቅ እንኳ ይሻክራል። ለካ እነሱ የሚያወሩት የብርድ አገር ፍየል ከላይኛው ጠጉር ሥር እንደ ጉም ያለ ሌላ ጠጉር አላት፤ የሚፈተለው እሱ ነው። በመጨረሻው ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ ሰምቻለሁ። ያን ክር ጉንጬ ላይ ካደረግሁ ወዲህ ግን ስለዚህችኛዋ ፍየል አንድ ቃል የሚናገርላት ባገኘች እላለሁ።

ካርቶኑ ላይ ሃያ ስምንት በሁለት የሚል ቁጥር አለ። ፍራው ኬለር ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ይኼ ለአንገት ልብስ የሚሆን ቀጭን ስለሆነ ለሕፃን መጠቅለያ ወፈር ያለውን ግዢ አሉኝ። ሁለተኛ፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ክር ዘይት ስላለበት መጀመሪያ ኮስሶ ይታያል፣ ሲታጠብ ያብጣል አሉኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁት። ሁለተኛውን አመንኩት። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው በዚህ ልዩነት ነው።

ክሩን ልጄ ማርታ በኮምፒዩተሯ ልታዝልኝ ተቀመጠች። ማርታ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፣ ብዙ ጊዜ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነን። የፋብሪካ ትራፊ ካሽሚር የሚሸጥ አንድ ቤት አገኘች። ሦስት ዓይነት አለ አለችኝ፤ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ስምንትና ስልሳ፤ ሦስቱም በሁለት። እኔ አሰብኩ። ሃያ ስምንቱ ቀጭን ነው ተብያለሁ። ወፍራም እፈልጋለሁ። ጥር ነው፤ ድንጋይ ነው፤ ሕፃን ናት።

«ስልሳውን» አልኩ።

ልጄ ዞር ብላ እርግጠኛ ነሽ ወይ ስትል በጀርመንኛዋ ጠየቀችኝ።

«እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጫማ ስገዛ የኖርኩ ሴት ነኝ» አልኳት።

ዋጋውም ከሦስቱ የሚበልጠው የስልሳው ነበር፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስተማመነኝ። ወፍራም ነገር ውድ አይደል?

ፓኬቱ ሲመጣ ነጭ፣ ያማረ፣ እንደ ስኳር ቁልል ሾጣጣ ሆኖ ቂጢጥ ያለ ነገር ነው። ጫፉን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ማርታ አገኘችልኝ። መስኮቱ ዘንድ ወስጄ ባየው የሸረሪት ድር! ሰው ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት ይወሰድ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ አስተዋይ ሴት ምን ታደርጋለች? ትጠይቃለች። እኔ ምን አደረግሁ? አመንኩ። ሲታጠብ ያብጣል ተብሏል፤ ያብጣል።

ለወፍራም ክር አስቤ መርፌ ላይ የሚሰካውን የክር ቀለበት ቁጥር ሳልቀንስ ሳልጨምር በቀጭን መርፌ ጀመርኩት። በጾመ ነቢያት፣ በኤስ ባን ባቡር፣ በፓውዘ ዕረፍታችን፣ በየዐሥር ረድፉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ሠራሁት። የምናርፍበት ክፍል ውስጥ ከሻንጣ ጫኞቹ አንዱ፣ አንድ ሳቂታ ኤርትራዊ፣ ሥራዬን ከሩቅ ሲያየው ሰነበተና አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ እናቴ፣ በማይን ወንዝ በመረብ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ስድቤን ለገና አቆየሁለት። ጾመኛ ነኝ፤ ምን ልበለው?

ሦስት ሳምንት ሠርቼ ክንድ ተኩል ሲሞላልኝ አላስችል አለኝና ለብ ባለ ውኃ አጠብኩት። አበጠ ወይ? አዎ፣ አበጠ፤ ፍራው ኬለር ውሸት አያውቁም። ነገር ግን ሸረሪቷ ምሳ በላች እንጂ በግ አልሆነችም። ሜትር ይሰፋል ያልኩት ከስንዝር ተኩል አላለፈም። በማርታ የሒሳብ ደብተር ላይ ባነጥፈው ከነስሕተቱ ተነበበ። እምነቴ ሥራ ነበረው፤ ሥራዬ ግን ክር አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ሰላም ልጇን ታቅፋ መጣች። ልሸሽገው ብል አየችው። በሁለት ጣቷ አነሣችው፤ መብራት ላይ ያዘችው፤ በስተጀርባው ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«እትዬ አልማዝ፣ በጣም ያምራል» አለች። መልሳ ጭኔ ላይ አኖረችውና፣ «ለበጋ ይሆናታል» አለች።

የእትዬ ብዙነሽ ስድብ አንድ ሌሊት ነበር የያዘኝ። ይኼ ደግነት ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰው የለኝም ብላ እኔን ሰው ያደረገች ልጅ፣ ልጇ በብርድ እንደምትወጣ እያየች የእኔን ፊት ታድናለች። ሃያ አንድ ቀን ቀርቷል።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ያንን ጨርቅና የተረፈውን ክር ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ፍራው ኬለር ክሩን አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አንከባለሉት።

«ስልሳ በሁለት» አሉ፤ ልክ እኔ ሽንኩርት ነው እንደምል። «ፍራው አልማዝ፣ ለምን ይኼን ገዛሽ?»

ወፍራም ፈልጌ ነው አልኳቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ አስረዱኝ። የክር ቁጥር ውፍረት አይለካም፤ መንገድ ነው የሚለካው። አንድ ግራም ክር ስንት ሜትር ይሄዳል ነው ጥያቄው። ስልሳ ማለት ግራሙ ስልሳ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ከጎኑ ያለችው ሁለት ደግሞ ክሩ ሁለት ሆኖ ተገምዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ መንገዱን ለሁለት ታካፍያለሽ፣ ሠላሳ ይሆናል። ሃያ ስምንቱም ለሁለት ሲካፈል ዐሥራ አራት ሜትር ይሄዳል። አፌ «ያ፣ ያ»፣ እሺ እሺ፣ አለ። ፍራው ኬለር ዓይናቸው ይድከም እንጂ ያልገባው ሰው እሺታ አያመልጣቸውም። ተነሥተው ከፋብሪካ ዘመናቸው የቀረች አንዲት ትንሽ ሚዛን አመጡ።

ከሃያ ስምንቱ አንድ ግራም፣ ከስልሳው አንድ ግራም መዘንን። ከዚያ እሳቸው ደረጃው አናት ላይ ትራስ አድርገው ተቀመጡና የክሩን አንድ ጫፍ ያዙ፤ እኔን ሌላውን ጫፍ ይዘሽ ውረጂ አሉኝ። በሃያ ስምንቱ ጀመርን። የደረጃውን መደገፊያ እየተከተልኩ ብወርድ ብወርድ ልክ አንደኛ ፎቅ፣ የራሴ በር ፊት ስደርስ አለቀ። ደግ ነው። ተመልሼ ወጣሁና የስልሳውን ያዝኩ። ሁለተኛ ፎቅ፤ አንደኛ ፎቅ፤ በሬን አለፍኩ፤ ምድር ቤት ደረስኩ፤ ክሩ ገና ነው።

እንዳይበጠስብኝ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ስለነበር የሕንፃችንን ጠባቂ፣ ሃውስማይስተሩን፣ በጀርባዬ ገፋሁት። አምፖል ይዞ ነበር። ክሩ ደግሞ ከሁለት እርምጃ በላይ አይታይም። እንግዲህ ሰውዬው ያየው፣ ባዶ ጣቷን ቆንጥጣ የኋሊት የምትሄድ ትልቅ ሴት ነው። ምን ይዘሻል አለኝ።

«አንድ ግራም ነው» አልኩት። «አላልቅ ብሎኝ ነው።»

አየኝ። ወደ ላይ አየ። ደረጃ የማጽዳት ተራው በዚያ ሳምንት የእኔ ስለነበረ አዲስ የአጠራረግ ዘዴ መስሎት ይሆናል፤ በሩን ከፍቶ አሳለፈኝ። ግራሜ ያለቀው ውጭ፣ የቆሻሻ በርሚሎቹ አጠገብ ነው።

እዚያ ቆምኩ። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ፍራው ኬለር ክሩን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉት፤ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። እኔም ቀስ ብዬ መለስኩላቸው። በሁለታችን መካከል ያለው አንድ ግራም ነው። ያኛውም አንድ ግራም ነበር፤ ክብደታቸው አንድ ነው። ይኼኛው የቀጠነው ጎድሎት አይደለም፤ ብዙ ስለሄደ ነው። ያን ጊዜ ሰላም ትዝ አለችኝ። ስንት አገር አቋርጣ እንደመጣች አንድ ቀን በፓውዘ ነግራኛለች፤ እኔ የማውቀው የሁለቱን ስም ብቻ ነበር። እና እሷን ቀጠነች ብሎ ማን ይፈርድባታል?

የብርድ ነገር ሆኖ ነው መሰለኝ ከሰላም ሐሳቤ ወደ ጋቢ ሄደ። ነጠላ አንድ ነው፤ ኩታ ሁለት ነው፤ ጋቢ አራት ነው። ክሩ ያው ክር ነው! እናቴ ቀጭን ፈታይ ነበረች፤ ቀጭን ፈታይ መባል በአገራችን ሹመት ነበር። ክሩ ቀጠነ ብሎ ያለቀሰ ሸማኔ ሰምቼ አላውቅም፤ ይደርባል እንጂ። እኔ የጋቢ አገር ልጅ፣ ለብርድ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጠላ ስሠራ ከረምኩ ማለት ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

«በአራት ብይዘውስ?» አልኳቸው እያለከለክሁ።

ፍራው ኬለር ሒሳቡን በጣታቸው ሠሩት። ሠላሳው ሜትር ለአራት ሲካፈል ሰባት ሜትር ተኩል። ያ ሳላዝዘው የቀረሁት ዐሥራ አምስት በሁለትስ? ሰባት ሜትር ተኩል። ለካ የፈለግሁትን ክር ነው የገዛሁት፤ አራት ቦታ ተከፍሎ፣ በውድ ዋጋ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሁላችንም እየሰማን አደግን። ስንት ድር እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አልነገረንም። ለአንበሳ አላውቅም፤ ለሕፃን አራት ይበቃል።

አንዱን ሾጣጣ አራት ቦታ መክፈሉ ሌላ ደቦ ሆነ። ፍራው ኬለር በሚዛናቸው ይመዝናሉ፤ ማርታ ትጠመጥማለች፤ ሰላም በአንድ እጇ ልጇን እያጠባች በሌላው ክሩን ታሳልፋለች፤ እኔ የተወሳሰበውን እፈታለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ማርታ በሁለተኛው ቀን፣ እማዬ፣ አንዱ ቢበጠስ ሦስቱ ይይዙታል አይደል ወይ አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። ወደ ጀርመንኛዋ እንዳትመለስብኝ ብዬ እንዳላስተዋለ ሰው የተወሳሰበውን መፍታቴን ቀጠልኩ።

ያንን የበጋውን ጨርቅ ልፈታው ስል ፍራው ኬለር ከለከሉኝ። ጠጉሩ ተያይዟል፣ ይበጣጠሳል አሉ። ከዚያም በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱትና፣ ፋብሪካው ውስጥ ስልሳ ቁጥርን በእጅ እንዲህ እኩል የሠራ ሰው አላጋጠመኝም፤ ካልፈለግሽው ለአንገቴ ስጪኝ አሉ። የእናቴ ልጅ መሆኔን ያወቁልኝ ያኔ ነው። ሰጠኋቸው።

ሁለተኛውን በሰባ ዘጠነኛው ቀን ጨረስኩ፤ ታጥቦ ሌሊቱን ማሞቂያ ላይ አደረ። በሰማንያኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ እንደፈራሁት በረዶ ነበር፤ ቄሱ ሲጸልዩ ትንፋሻቸው ይታያል። ፍራው ኬለር ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የዓሣ መረቤን አንገታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከውኃ ወጥታ በዚያ ድንጋይ ቤት ውስጥ ጩኸቷን ለቀቀችው። ተቀበልኳት። ጠቀለልኳት። አንዴ ተንሰቀሰቀች፤ ሁለተኛውን ጀመረችና ተወችው። ቄሱ ማተቡን ሲያስሩላት አንገቷን አየሁት፤ ምንም ሽፍታ የለም። ቀና ስል ሰላም ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሁለት እጄ ተይዞ ነበርና መጥረጊያ የለኝም።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብዙነሽ መጡ። ሳይጠይቁ እጃቸውን ከመጠቅለያው ሥር አስገቡት። እጃቸው እዚያ ቆየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ዝምታ ከእትዬ ብዙነሽ አልተሰማም።

ማንሃይም ከተማ ያለችው ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት። የዚህ ክር ቁጥሩ ስንት ነው አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ፤ አልዋሽም። ስልሳ ነው አልኳቸው።

«ስልሳ!» አሉ። «ቁጥሩ ቢበዛ ነዋ እንዲህ የወፈረው።»

ኧረ እትዬ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም አልኳቸው። ስለ ግራሙ ነገርኳቸው፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሃውስማይስተሩ፣ ስለ ጋቢውም ነገርኳቸው። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጫማ ስገዛ የኖርኩ ሴት ነኝ» አሉኝ።

በሳምንቱ ከሌላ ሱቅ መቶ በሁለት አዘዙ። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ነው። ፓኬታቸው ገና አልደረሰም፤ እኔ ግን ፍራው ኬለር ሚዛኗን እንዳያርቋት፣ ሃውስማይስተሩም በሩን እንዳይቆልፍ ነግሬአለሁ። እትዬ ብዙነሽም ደረጃው አናት ላይ በትራስ ይቀመጣሉ፤ ጫፉን አጥብቀው ይያዙልኝ እንጂ መውረዱን እኔ ለምጄዋለሁ። ማይን ወንዝን ተሻግሬ ማዶ ሽቫንሃይም ሰፈር ስደርስ እደውልላቸዋለሁ።